ለጥንቸል የሚሆን ቅጠል

ባለቤቴ ደብተራ ክንፈሚካኤል ጎመንና አረም አይለዩም። ይህን እኔ አውቃለሁ፤ ጓሮዬም ያውቃል። አንድ ክረምት ላግዝሽ ብለው ገቡና የተከልኩትን ጎመን ሁሉ ነቅለው እንቧዩን አቁመውልኝ ወጡ። አገሩ ግን ደብተራ ሲባል ሥር የሚምስ፣ ቅጠል የሚበጥስ፣ ጋኔን የሚጎትት ይመስለዋል። እሳቸው ከዜማና ከቅኔ ሌላ የሚያውቁት የለም። ደጃችን ድረስ መጥቶ መድኃኒት የለመናቸውን ሰው ሁሉ "የለኝም" ይሉታል፤ ሰውየውም "ነፍገውኝ ነው" እያለ ይመለሳል።

ጣልያን ቡሬን ይዞ ምሽግ ከሠራ ወዲህ ያሳሰራቸውም ይኸው ወሬ ነው። ጫካ ለገቡት አርበኞች ጥይት የሚመልስ ክታብ ይጽፋሉ ተባለ። እንዲህ ያለ ክታብ ቢኖራቸው አስቀድመው ለራሳቸው አያስሩትም ነበር? ይህን የሚጠይቅ ሰው ጠፋ። ከምሽጉ ጥግ፣ ድሮ የእህል መጋዘን በነበረ ቤት ውስጥ ከሌሎች እስረኞች ጋር አጎሯቸው። የእስረኛ ቀለብ ከቤተሰቡ ነው፤ እኔም በየቀኑ አገልግሌን ይዤ በሩ ላይ እቆም ነበር።

የምሽጉ አዛዥ፣ ጣልያኑ ሻምበል፣ ያየኝ እዚያ ቆሜ ነው። ከአገሩ ያስመጣቸው ጥንቸሎች ነበሩት፤ በሽቦ ቤት ያረባቸዋል፤ እያረደም ይበላቸዋል። ይጠብቃቸው የነበረው አስካሪ፣ ከኤርትራ ያመጡት ወታደር፣ ወደ ሌላ ምሽግ ተዛወረና ከቡሬ ሰው ምትክ ፈለገ። ማን እሺ ይበለው? ጥንቸል በኛ ዘንድ እርኩስ ነው። ያመሰኳል ይባላል እንጂ ሰኮናው አልተሰነጠቀም፤ እንኳን ሊበሉት እሱን የነካ እጅ ሳይታጠብ መሶብ አይቀርብም። ሻምበሉ እንቢ የማትል ሰው ያስፈልገው ነበር፤ ባሏ የታሰረባት ሴት ደግሞ እንቢ አትልም።

አስተርጓሚው እጅጉ የቡሬ ልጅ ነው። አስመራ ኖሮ ቋንቋቸውን ለምዶ የመጣ፤ እናቱን አውቃታለሁ፤ ልጇ ለጣልያን ካደረ ወዲህ ቤተ ክርስቲያን ስትሳለም እንኳ ነጠላዋን ፊቷ ላይ ጥላ ነው።

"እትዬ ታንጉት" አለኝ፣ ዓይኑን መሬት ላይ ጥሎ። "ጥንቸሎቹን አብይልኝ ይልሻል። ደኅና ከያዝሽለት ደብተራን ወደ ደብረ ማርቆስ አይልካቸውም። ከሞቱበት ግን መጀመሪያ የሚጫኑት እሳቸው ናቸው።"

በካሚዮን ተጭኖ ደብረ ማርቆስ ከሄደ እስረኛ መካከል ደኅና ገባሁ ብሎ የላከ አንድም ሰው አልነበረም። "እሺ በለው" አልኩት።

ከሰፈሩ ጀርባ ባለቤቶቹ ጥለውት የሸሹት ሰፊ ጓሮ አለ። የሚያርመው ስላጣ የበቀለበት ሁሉ ቁመት አውጥቷል። እኔ ጥንቸል አርብቼ አላውቅም፤ በግና ፍየል ግን አርብቻለሁ። በግ ሸሽታ የምታልፈውን ነገር ለነዚህም አልሰጥም አልኩ። ሰርዶ ለማንም አይጎዳም። ጎርጤብ፣ ያ መሬት ላይ ተለጥፎ የሚበቅለው፣ ቁስል ላይ የምናደርገው ባለ ጅማት ቅጠል፣ እሱም ደኅና ነው። ጨጎጎትም ፍሬ ይዞ ቀሚስ ላይ ሳይጣበቅ ገና ለጋ ሳለ ደኅና ነው። እንቧይን አላስጠጋም። አስተናግርን ደግሞ ከነሥሩ ነቅዬ ከአጥር ውጭ እጥላለሁ፤ ነጭ አበባው እንደ መለከት አፉን የከፈተ፣ ፍሬው እሾሃም፣ የበላውን ሰው የሚያስቀባጥር ነው። አዲስ ነገር ሳገኝ ለአንዱ ጥንቸል ቅንጣት ሰጥቼ እስከ ማግስቱ እጠብቃለሁ። ጥንቸል ሲያድር ደኅና ከሆነ ባሌ አንድ ቀን አደሩ ማለት ነው፤ ሒሳቡ ይኸው ነበር።

ከሁሉም የወደዱት ማገጥን ነው። ማገጥ ባለ ሦስት ቅጠሉ፣ ላሞች እርስ በርስ ተገፋፍተው የሚግጡት ነው። ጤዛ ሳይለቀው የበላ ከብት ሆዱ እንደሚነፋ የገበሬ ልጅ ሁሉ ያውቃል። ስለዚህ ጠሐይ ወጥታ ጤዛውን እስክትጠጣው ጠብቄ አጭድ ነበር። በዚህ ብልሃቴ ትንሽ ትንሽ ኩራት ሳይጀምረኝ አልቀረም።

ቅዳሜና እሑድ ግን ማጭድ አላነሳም። ሰንበት ነው፤ ለፈረንጅ ጥንቸል ብዬ ሰንበት አልሽርም አልኩ። ዓርብ ከሰዓት የሁለቱን ቀን አጭጄ፣ ደኅና የጠወለገውን ማገጥ በጆንያ ጠቅጥቄ ከጥንቸሎቹ ቤት ጥግ አቆምኩት። ለከብት ሁልጊዜ እንዲያ እናደርጋለን፤ ከብትም ምንም አይለው። ቅዳሜ ከላይ ከላዩ አፍሼ ሰጠኋቸው።

እሑድ ጧት ብመጣ ጥንቸሎቹ እንደ ከበሮ ተነፍተው አገኘኋቸው። ሁለቱ እግራቸውን ዘርግተው ሞተዋል። እጄን ጆንያው ውስጥ ብከት እንደ እሳት ጋለኝ፤ የታፈነው ማገጥ ጠጅ ጠጅ ይሸታል። ጤዛውን እንጂ ሙቀቱን አላሰብኩም። የጥንቸሎቹ ነገር አይደለም ያስጨነቀኝ፤ ካሚዮኑ ነው የታየኝ፣ እሳቸውም ነጭ ጥምጥማቸውን እንዳደረጉ ካሚዮኑ ላይ።

ከዚያ በኋላ ያደረግሁትን ሁሉ ሰው እያየኝ አደረግሁት። ምእመናኑ ከቅዳሴ ሲወጡ እኔ ጓሮው ውስጥ ማጭድ ይዤ ጎንበስ ብያለሁ። አንዲት ጎረቤቴ አማተበችና ፊቷን አዞረች፤ አፈርኩ፤ ቢሆንም አላቆምኩም። ደረቅ ደረቁን ሰርዶ ሰጠኋቸው፤ የከብት ድርቆሽም ለመንኩላቸው። የተነፉትን አንድ በአንድ ጭኔ ላይ አድርጌ፣ እርኩስ የተባለውን በእጄ ይዤ፣ የተነፋ ጥጃ እንደሚታሸው ሆዳቸውን ሳሽ ዋልኩ። ጠሐይ ስታዘቀዝቅ አንዱ ተንጠራራና ድርቆሹን መቆርጠም ጀመረ። እንባዬ ዱብ አለ።

ሻምበሉ ቀኑን ሙሉ መስኮቱ ላይ ሆኖ ሲያየኝ ነበር። ወርዶ መጣና ለእጅጉ አንድ ነገር ነገረው።

"እንዲህ ያለች ጠባቂ ሁለተኛ አላገኝም ይላል። ስለ ሁለቱ ምሬሻለሁ ይላል" አለኝ እጅጉ።

"እንግዲያ ይፍታልኛ!"

እጅጉ ጠየቀው፤ ሻምበሉም ሳቀ። መልሱን ሳይነግረኝ ገባኝ፤ እሳቸው ከተፈቱ እኔ ነገ አልመጣም። ጥንቸሎቹ ከሞቱ እሳቸው ይሞታሉ፤ ጥንቸሎቹ ከወፈሩ ደግሞ እስር ቤት ያረጃሉ። ያን ቀን ያሸሁትን ሆድ ሁሉ መልሼ ብረግጠው ደስ ባለኝ።

እንዲያም ሆኖ እዚያ ማርጀቱ ራሱ በተገኘ አልኩ፤ በሳምንቱ እጅጉ አጥሩ ሥር ጠብቆኝ "ላንቺ ልንገርሽ ብዬ ነው" ሲለኝ። "ተዘግቶ የቆየው የደብረ ማርቆስ መንገድ ሊከፈት ነው። ካሚዮኖቹ ሲመጡ አንድ ትልቅ አለቃ አብሮ ይመጣል፤ እስረኛ ሁሉ ይጫን ተብሏል፤ ማንም አይቀር። ሻምበሉም እንቢ ሊል አይችል።"

"ቃሉስ?"

"ምን ቃል አለው፤ እሱም ታዛዥ ነው። አሁን የያዘው ሐሳብ ለአለቃው ጥንቸል አርዶ መጋበዝ ነው።" ወዲያና ወዲህ ተገላምጦ ድምፁን ዝቅ አደረገ። "እትዬ፣ ደብተራ አንድ ነገር ማድረግ አይችሉም? መሰወርም ሆነ... ብቻ ያውቃሉ ይባላል።"

ቀና ብዬ አየሁት። የምሩን ነው። ጣልያንኛ ተምሮ፣ ቦቲ ጫማ አድርጎ፣ ሽጉጥ ታጥቆ፣ ባሌን ግን እንደ ጥንቱ ይፈራቸዋል። ያን ጊዜ ነው ሐሳቡ የመጣልኝ።

በማግስቱ ስንቅ ሳቀብል ጠባቂው ከበሩ ራቅ ብሎ ሲጋራውን ሲያቀጣጥል ቶሎ ቶሎ ነገርኳቸው። "ነገ ጥንቸሎቹ ይታመማሉ። እኔ አላውቅበትም፣ መድኃኒቱን የሚያውቁት ደብተራ ናቸው እላለሁ። አንቱ ደግሞ ቅጠሉ ያለው ፈጣም ወንዝ ዳር ነው ይበሉ። ሲቆርጡት ሰው ካየው አይሠራም ይበሉ።"

"እኔ ምን ቅጠል አውቃለሁ?"

"አለማወቅዎን ከኔ በቀር ማን ያውቃል! ወንዙ ማዶ ጫካ ነው፤ አርበኞቹ እዚያ ናቸው።"

ባሌ ወደኔ ጠጋ አሉ። "አንቺስ?"

"እኔን ማን ይነካኛል? ጥንቸሎቹን ማን ያበላለታል? ሰውየው ሁለተኛ አላገኝም ብሎ በአፉ ተናግሯል" አልኩና ሳቅሁ። ሳቄ ለራሴም እውነት እስኪመስለኝ ድረስ አሳመርኩት። እሳቸውም አመኑኝ።

ከዚያ ማገጡን አጨድኩ፤ በጆንያ ጠቀጠቅሁ፤ ጠሐይ ላይ አቆምኩት። ሲግል አውጥቼ ሰጠኋቸው፤ ትንሽ ትንሽ፣ ለሁሉም እኩል። ብዙ ከሰጠሁ ይሞታሉ፣ ካነሰ አይታመሙም። እየተሻሙ ሲበሉት ያሳዝናሉ፤ ዕዳ የለባቸውም። በማግስቱ ጧት ሁሉም ተነፍተው ጥግ ጥጉን ይዘው ነበር፤ የሞተ የለም። እጄን ጭንቅላቴ ላይ ጭኜ ጮኽሁ።

ሻምበሉ ሸሚዙን ሳይቆልፍ ወጣ። "ያለፈው አይደለም፣ ሌላ በሽታ ነው፣ እኔ አልቻልኩትም። የቅጠል ዐዋቂ ባሌ ናቸው" አልኩ። እጅጉ ሲያስተረጉም ከኔ የባሰ አስረዳው፤ ራሱ ያምንበታላ! እጁን እያወናጨፈ፣ ድምፁን ዝቅ ከፍ እያደረገ ስለ ደብተራ ሲነግረው ሻምበሉ ጢሙን እየነካ ይሰማል። አለቃው ሊደርስበት ነው፤ ጥንቸል አበላሃለሁ ብሎ ፎክሯል። ግን ሞኝ አልነበረም። አንድ አስካሪ ልኮ ከጓሮው የተገኘውን ቅጠል ሁሉ አስነቀለና በየዓይነቱ ክምር ክምር አድርጎ መሬት ላይ አስደረደረ። ባሌንም አስመጣቸው።

"እስኪ ለጥንቸል የሚሆነውን ለይ" አለ በእጅጉ አፍ።

ይህን አላሰብኩትም ነበር። አስካሪው አስተናግሩን ከአጥር ውጭ ከጣልኩት አንስቶ አምጥቶታል፤ እንቧዩም አለ። እኔ ከሻምበሉ ኋላ፣ ከጥንቸሎቹ ቤት ጎን ቆሜያለሁ። ባሌ በእስር ከስተው አንገታቸው ረዝሟል። ጎንበስ ብለው ቅጠሎቹን እንደ ብራና አተኩረው አዩ። ምን እንዳዩ እግዜር ይወቅ። ከዚያ እጃቸው ቀጥ ብሎ ወደ አስተናግሩ ሄደ፤ አበባው አምሯቸው መሆን አለበት።

ነፍሴ ወጣች። ነጠላዬን ሳብ አድርጌ አፌን ሸፈንኩ። አላዩኝም። በጉሮሮዬ እህ አልኩ፤ ያን ጊዜ ቀና አሉ። በኖርንበት ዘመን ሁሉ ስለ ጓሮ ነገር ስነግራቸው ፊቴን አይተው አያውቁም፤ ሁልጊዜ መጽሐፋቸው ላይ ናቸው። ዛሬ አዩኝ። አፌ ላይ ያለውን ነጠላ አዩ፣ እጃቸውንም አዩ፤ ቀስ ብለው እጃቸውን አነሡና "ይኸ መርዝ ነው" አሉ።

ነጠላዬን ከአፌ አወረድኩ።

ወደ ሰርዶው ሄዱ፤ ነጠላዬ እንደ ወረደ ነው፤ "ይኸ ደኅና ነው" አሉ። እንቧዩ ላይ ሲደርሱ ሸፈንኩ። ጎርጤቡ ላይ ገለጥኩ። ሻምበሉ አንድ ጊዜ ድንገት ወደ ኋላው ዞረ፤ እኔም ላቤን የምጠርግ መስዬ ነጠላዬን ግንባሬ ላይ አዋልኩት። ተመልሶ ሲዞር ባሌ የመጨረሻውን እየለዩ ነው፤ ድምፃቸውም ተማሪ የሚገሥጹበት ድምፅ ሆኗል። የኔን ደብተራ! ትንሽ ቢቆዩ ስለ ቅጠሎቹ ቅኔ ሊዘርፉ ነበር።

"መድኃኒቱስ?" አለ ሻምበሉ።

"ፈጣም ዳር ነው ያለ። የሚቆርጠውም እኔው ነኝ።"

ሻምበሉ አሰበ፤ ወደ ተነፉት ጥንቸሎች ተመለከተ፤ ከዚያ ባሌን ወገባቸው ላይ ገመድ አስሮ ሁለት አስካሪዎችና እጅጉን አስከትሎ ላካቸው። ባሌ ሲወጡ ወደኔ ዞረው አላዩም፤ እንዳያዩ ነግሬያቸው ነበር። እኔን ሻምበሉ በጣቱ ጠቆመኝ፤ እዚሁ ቁሚ ማለቱ ነው። ቆምኩ። መያዣው እኔ መሆኔን ያን ጊዜም አውቀዋለሁ፤ ገና ሐሳቡ ሲመጣልኝም አውቀው ነበር።

ጠሐይዋ አናቴ ላይ ሆነች። ጥንቸሎቹ ትንፋሻቸው ያጥራል፤ እኔ ማሸት እያለብኝ እጄን አጣምሬ ቆሜያለሁ፤ አላውቅበትም ብያለሁና። ከዚያ ከፈጣም በኩል ተኩስ ተሰማ። አንድ፣ ቆየት ብሎ ተደራርቦ፣ ከዚያ ጭጭ። ሻምበሉ ከወንበሩ ተነሣ። እኔም እመ ብርሃንን ጠራሁ፤ ሌላ ጸሎት አልመጣልኝም።

እጅጉ ብቻውን እየሮጠ መጣ። ክንዱ ላይ የባሌን ልብስ ተሸክሟል፤ ቀሚሱን፣ ጋቢውን፣ ጥምጥሙን፣ ከነገመዱ። እያለከለከ ለሻምበሉ ተናገረ። ቋንቋውን ባላውቀውም ነገሩ ከእጁ ይነበባል። ቅጠሉ የሚቆረጠው ራቁት ተሁኖ ነው፣ ያየ ሰው ዓይኑ ይጠፋል ብለዋቸዋል። ገመዱን ፈትተውላቸው፣ ሁሉም ጀርባቸውን ሰጥተው፣ አስካሪዎቹ ጭምር፣ ፊታቸውን በእጃቸው ሸፍነው ቆመዋል። የቡሬ ሰው እንዲህ ያለውን ነገር እንኳን ለጣልያን ለእግዜርም ብሎ ዞሮ አያይም። ሲዞሩ ልብሱ ቁጥቋጦ ላይ ነው፤ ደብተራ የሉም። ማዶ ጫካው ሲንቀሳቀስ አይተው ተኮሱ። አስካሪዎቹ እየፈለጉ ናቸው።

ሻምበሉ እጅጉን በጥፊ መታው። ከዚያ ሽጉጡን አውጥቶ ወደኔ መጣና ግንባሬ ላይ ደገነ። ብረቱ ይሞቃል። እየጮኸ አንድ ነገር ጠየቀኝ።

እጅጉ ጉንጩን ይዞ አስተረጎመ፤ አስተያየቱ የጠላት ነበር። አታልላኛለች ብሏላ፤ እውነቱን ነው። "ባልሽ ሲሄድ አንቺን እንደምገድልሽ ያውቅ ነበር ወይ? ይልሻል።"

የምመልሰውን አዘጋጅቼ ነበር። ጥንቸሎቹን እኔ አድናቸዋለሁ፣ ቅጠል የማውቀው እኔ ብቻ ነኝ፣ ከገደልከኝ አለቁ ልለው፤ ያንኑ ነው ሌት ተቀን ያጠናሁት። ሽጉጡ ግንባሬ ላይ ሲያርፍ ግን ያጠናሁት ሁሉ ብን ብሎ ጠፋ። አፌ የራሱን ተናገረ።

"አያውቁም" አልኩ። "ብነግራቸው አይሄዱም ነበር።"

የባሌ ጋቢ ከእጅጉ ክንድ ላይ ተንሸራቶ ወደቀ፤ አላነሳውም። ሻምበሉ ምን አለች ብሎ ጮኸበት፤ እሱ ግን እኔን ነው የሚያየው። ዓይኑ ውስጥ የነበረው ጥላቻ ሄዶ የናቱን ፊት አየሁበት። ሻምበሉ ደግሞ ሲጮህበት ዞረና መናገር ጀመረ። ረዘመ። እኔ የተናገርኩት እኮ አንድ እፍኝ አይሞላም። ሲናገር ወደ ጥንቸሎቹ ቤት ያመለክታል፣ ወደ ጓሮው ያመለክታል፣ ወደ እጄ ያመለክታል።

ሻምበሉ አንገቱን አዙሮ ጥንቸሎቹን አየ። ከዚያ ሽጉጡን አወረደና የሽቦ ቤቱን በር በጫማው መትቶ ከፈተው።

እጅጉ ገመዱን ወገቤ ላይ ሊያስር ጎንበስ አለ። "እኔ ብቻ ነኝ የማድናቸው ብላለች አልኩት" አለኝ ከንፈሩን ሳያንቀሳቅስ። "በይ አድኛቸው፤ ያለዚያ ሁለታችንም አልቀናል።"

ቁጭ ብዬ ቅርቤ ያለውን ጥንቸል ጭኔ ላይ አወጣሁት። ሆዱ ድንጋይ ሆኗል፤ ልቡ እጄ ውስጥ ይዘላል። ቀስ እያልኩ ማሸት ጀመርኩ፤ ጆሮዬን ግን ፈጣም በኩል ጥያለሁ። ሌላ ተኩስ አልተሰማም።